ካሜሊያ በጅማ ግቢ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የግቢዬ በር አጠገብ አንዲት ካሜሊያ አለች። አበባ ስታወጣ አላፊ አግዳሚው ቆም ብሎ ያያታል። ስሟን ስናገር ጥያቄው ይከተላል። ከየት መጣች? ምን ትወዳለች? የእኛዋ ለምን ደረቀች? ብዙ ጊዜ የተጠየቅኩትን እዚህ ሰብስቤዋለሁ። አንድ ነገር ከወዲሁ ልበል፦ ቡና አሳድጎ የሚያውቅ ሰው የካሜሊያን ነገር ግማሹን ያውቀዋል። መልሶቼ ላይ ቡና ቡና ካልኩባችሁ የጅማ ሰው ነኝና ታገሱኝ።

ካሜሊያ የጽጌረዳ ዓይነት ናት?

አይደለችም። ከሩቅ ስትታይ ታሳስታለች እንጂ እሾህ የላትም፤ ቅጠሏም ወፍራምና የሚያብረቀርቅ ነው፣ ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ። የቅርብ ዘመዷ ሻይ ነው። እንዲያውም ሻይ ራሱ ካሜሊያ ነው፤ ሳይንሳዊ ስሙ ካሜሊያ ሳይነንሲስ ይባላል። ቦንጋ አጠገብ ያለውን የውሽውሽ ሻይ ልማት ወይም በጎሬ በኩል ጉማሮን ያየ ሰው፣ ሳያውቀው በሺህ የሚቆጠሩ ካሜሊያዎች መሀል አልፏል።

አገሯ ምሥራቅና ደቡብ ምሥራቅ እስያ ነው። ለአበባ ተብለው የሚተከሉት በዋናነት ሁለት ናቸው። ጃፖኒካ ትልቅ ቅጠልና ትልቅ አበባ አላት። ሳሳንኳ ቅጠሏም አበባዋም አነስ ይላል፣ ፀሐይን ግን በተሻለ ትችላለች። ከታች የምለው ሁሉ ለሁለቱም ይሠራል፤ ልዩነት ሲኖር እናገራለሁ።

ስሟ ከግመል ጋር ይገናኛል?

አይገናኝም። ስሙን በ1753 እ.ኤ.አ. ያወጣው ስዊድናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ሊኒየስ ነው፤ ፊሊፒንስ ውስጥ መድኃኒት ይቀምምና ዕፅዋት ያጠና ለነበረ ጆርጅ ጆሴፍ ካሜል ለሚባል የኢየሱሳውያን ማኅበር አባል መታሰቢያ ብሎ። ካሚል የሚባል ጎረቤት ያላችሁ እንደ እኔ አትቀልዱበት፣ ቀልዱ ቶሎ ይሰለቻል።

የጅማ አየር ይስማማታል?

ለእድገቷ በጣም። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ዝናቡ በዓመት ወደ 1,500 ሚሊ ሜትር ይጠጋል፣ አየሩም እርጥብ ነው። ካሜሊያ በተፈጥሮዋ ከትልልቅ ዛፎች ሥር፣ በበሰበሰ ቅጠል ላይ የምትኖር ተክል ናት። ቡናም በዱር እንደዚያው ነው የሚኖረው።

ኢንተርኔት ላይ የምታገኙት ምክር አብዛኛው የአውሮፓና የአሜሪካ ነው። ውርጭ እንዳይመታት ሸፍኑ፣ የፀሐይ ብርሃን በምታገኝበት ግድግዳ ላይ አስደግፉ፣ በእንዲህ ያለ ወር ግረዙ ይላሉ። እነሱ የሚፈሩት በረዶ ነው። እኛ የምንፈራው የታኅሣሥና የጥር ድርቀት፣ እንዲሁም አናት የሚበሳ የቀትር ፀሐይ ነው። ስለዚህ ወራቱን እንዳለ አትውሰዱ።

ችግሩ አበባው ላይ ነው። እሱን ወደ ታች እመለስበታለሁ፣ ሰፋ ያለ ነገር አለው።

የጅማ አፈር አሲዳማ ስለሆነ ኖራ ያስፈልገዋል ሲባል እንሰማለን። ለካሜሊያም ኖራ እናድርግ?

በፍጹም! ስንዴ፣ ገብስ ወይም ባቄላ ለሚዘራ ገበሬ ኖራ መድኃኒት ነው። ለካሜሊያ መርዝ ነው። እሷ የምትወደው ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው፤ ቁጥሩ ሲቀንስ አሲዱ ይጨምራል) ከ5.5 እስከ 6.5 የሆነ አፈር ነው። ሻይ ደግሞ ከዚያም ዝቅ ሲል ይመቸዋል። አሲዳማ አፈር ውስጥ የሚሟሟው አሉሚኒየም የሌላውን ሰብል ሥር ይጎዳል፤ ሻይ ግን ቅጠሉ ውስጥ እያጠራቀመ ይኖርበታል። እህል አልሆን ያለው ቀይ መሬታችሁ ለካሜሊያ የተሰጠ ነው ማለት ነው።

ብዙ ካሜሊያ የሚሞተው በኖራ ሳይሆን በአመድ ነው። በእኛ ሰፈር የከሰል አመድ የሚደፋው ጓሮ ነው። ለጎመኑ ይጠቅም ይሆናል። አመድ ግን የአፈርን አሲድ ያጠፋል፤ ሥራው ከኖራ ብዙም አይለይም። ምድጃ የምታጸዳ ልጅ ካለች ቀድማችሁ ንገሯት፣ ካሜሊያዋ ሥር አንድ ሳፋ አመድ እንዳታገኙ።

ሌላው ሲሚንቶ ነው። የመጀመሪያዋ ችግኜ በዚህ ሞታብኛለች። አዲስ የተገነባ አጥር ሥር ተከልኳት፤ ጥላ ያለው፣ ከነፋስ የተከለለ፣ ምርጥ ቦታ መስሎኝ። ግንበኞቹ የተረፋቸውን ሲሚንቶና ኖራ እዚያው ቀብረውት ኖሯል። ቅጠሏ ቢጫ ሆነ፣ ጅማቱ ብቻ አረንጓዴ ቀረ። የራባት መስሎኝ ማዳበሪያ ጨመርኩ። ባሰባት። በሁለተኛው ዓመት ነቅዬ ስቆፍር ነጭ ድርቅ ያለ ንጣፍ አገኘሁ።

የሚገርመው፣ ቢጫ ያደረጋት የብረት እጥረት ነበር። ቀይ አፈር ቀይ የሆነው እኮ በብረት ነው! ነገር ግን አሲዱ ሲጠፋ ብረቱ አፈር ውስጥ እያለ ሥሯ መውሰድ ያቅተዋል። ወንዝ ዳር ቆሞ በውሃ ጥም መሞት ነው።

አፈሩን ላብራቶሪ ማስመርመር ከቻላችሁ ጥሩ። ካልቻላችሁ ከምትተክሉበት ጉድጓድ አንድ እፍኝ ደረቅ አፈር ወስዳችሁ ኮምጣጤ አፍስሱበት። ፍሽሽ ብሎ አረፋ ካወጣ ኖራ አለበት፤ ሌላ ቦታ ፈልጉ። ዝም ካለ ቢያንስ ያ ስጋት የለም።

ግቢ ውስጥ የት ልትከላት?

የጠዋት ፀሐይ የሚያገኛት፣ ከአራት ሰዓት በኋላ ግን ጥላ የሚያርፍባት ቦታ ላይ። ምሥራቁ ክፍት፣ ምዕራቡ በቤት ወይም በዛፍ የተጋረደ ቢሆን ይመረጣል። ሳሳንኳ ከዚህ የበለጠ ፀሐይ ትችላለች። ድፍን ጥላ ግን ለሁለቱም አይሆንም፤ ቅጠል ብቻ ታሳድጋላችሁ።

ለጥላ ዛፍ ሲሆን የቡና ሰው ምርጫ እዚህም ይሠራል። ሰሳ ቅጠሉ ደቃቅ ስለሆነ ብርሃኑን አጥልሎ ያሳልፋል። ዋንዛም ጥሩ ነው። አቮካዶ ጥላው ይከብዳል፤ ከጫፉ ወጣ አድርጋችሁ ትከሉ። ባሕር ዛፍ አጠገብ አይታሰብም፣ ውሃውን ይሻማታል።

ከጥላው እኩል የሚታየው የውሃው መውጫ ነው። የካሜሊያ ሥር እርጥበት ይወዳል፣ ረግረግ ግን ያበሰብሰዋል። ጅረን በኩል ዳገት ላይ ያላችሁ ዕድለኞች ናችሁ፤ ቀዩ አፈር ጥልቅ ነው፣ ውሃውንም ያሳልፋል። ወደ ቦዬ ወይም አዌቱ ዳር ዝቅ ያለ ቦታ ላይ ያላችሁ ግን ቀድማችሁ ፈትኑ። አርባ ሴንቲ ሜትር የሚያህል ጉድጓድ ቆፍሩና ውሃ ሙሉት። በጥቂት ሰዓት ከሰረገ ትከሉ። በማግስቱም ከተኛ አፈሩን ወደ ላይ ከምሩና ከፍ ያለ መደብ ሠርታችሁ መደቡ ላይ ትከሉ።

አንድ የሚረሳ ነገር አለ። የተቆረጠ ዛፍ ጉቶ አፈር ውስጥ እየበሰበሰ ያለበት ቦታ አትትከሉ። የበሰበሰ ጉቶ ላይ የሚኖር ሥር የሚያበሰብስ ፈንገስ አለ፤ ቡናንም፣ ሻይንም፣ ካሜሊያንም ያጠቃል። ጉቶውን ከነሥሩ አውጡት።

መቼና እንዴት ነው የሚተከለው?

የቡና ችግኝ በሚተከልበት ጊዜ፣ ዝናቡ ከያዘ በኋላ፣ ሰኔ ወይም ሐምሌ ላይ። ሥሯ እስከ ጥቅምት መሬት ይይዛል፣ ከዚያ በጋውን ትችላለች። በጥቅምት ወይም በኅዳር የተተከለች ችግኝ በጋውን ሙሉ የእናንተን እጅ ስታይ ትከርማለች።

ጉድጓዱ ሰፊ ይሁን እንጂ ጥልቅ አይሁን። ስፋቱ ችግኟ ያለችበትን ላስቲክ ሁለት እጥፍ፣ ጥልቀቱ ልክ የላስቲኩን ያህል። ከሥሯ በታች ያለው አፈር ካልተነካ በኋላ አትሰምጥም። ላስቲኩን ቀዳችሁ ሙሉ በሙሉ አውጡት (ከነላስቲኩ ሲተከል አይቻለሁ፣ ከአንድም ሁለት ጊዜ)። ሥሯ ክብ ሠርቶ ከተጠማዘዘ በጣት ፈታ ፈታ አድርጉት።

ከዚያ ዋናው ነገር፦ የሥሯ አናት ከመሬቱ ጋር እኩል ወይም ሁለት ጣት ከፍ ብሎ ይታይ። ግንዷ ላይ አፈር አትቆልሉ። የካሜሊያ ሥር ላይ ላዩን ነው የሚሄደው፣ አየር ይፈልጋል። በጥልቀት የተተከለች ካሜሊያ ወዲያው አትሞትም። ሁለት ሦስት ዓመት ፈዛ ትቆያለች፣ ከዚያ ትደርቃለች። ሰውም «አየሩ አልተስማማትም» ይላል።

ከተተከለች በኋላ ጉዝጓዝ አልብሷት። ከአምስት እስከ ስምንት ሴንቲ ሜትር ውፍረት፣ ከግንዱ አንድ ስንዝር ራቅ ብሎ። የወደቀ የዋንዛ ቅጠል፣ የደረቀ ሣር፣ የቡና ገለባ ይሆናል። የቡናው ገለባ ግን ቢያንስ ጥቂት ወራት ተከምሮ የሰነበተ ይሁን፤ ትኩሱ ሲበሰብስ ይግላል። ጉዝጓዙ ግንዷን ከነካ ምስጥ መንገድ ያገኛል። በበጋ አልፎ አልፎ ገልጣችሁ እዩት።

ደግሞ ዶሮ ካላችሁ ዙሪያዋን በእንጨት እጠሩ። ዶሮ ጉዝጓዝ ውስጥ ትል ፍለጋ ስትጭር ሥሯን ፀሐይ ላይ ታወጣዋለች። የእኔ ትልቁ ጠላት በሽታ ሳይሆን የጎረቤት አውራ ዶሮ ነው።

በስንት ቀን ውሃ ላጠጣት?

ክረምት ላይ አያስፈልጋትም። ከጥቅምት መጨረሻ እስከ የካቲት ላለው ጊዜ፣ ትንሿን ተክል በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ቀን ግማሽ ጀሪካን፣ ማለትም አሥር ሊትር ገደማ፣ ቀስ ብላችሁ አጠጧት። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ መርጨት አይጠቅማትም፤ ላዩን ብቻ ያርሰዋል። ጣታችሁን ጉዝጓዙ ሥር አስገቡ፤ እርጥበት ካለ ተዉት። ከሦስት ዓመት በኋላ ራሷን ትችላለች፣ በጣም በደረቀ ዓመት ካልሆነ።

የቆርቆሮ ጣሪያ ውሃ የምታጠራቅሙ ከሆነ ለእሷ ከዝናብ ውሃ የሚበልጥ የለም።

ዩሪያ ላድርግላት? የቡና አተላስ?

ካሜሊያ ብዙ አትበላም። ከረሃብ ይልቅ በጥጋብ ነው የምትጎዳው። ዩሪያ እፍኝ ሙሉ ግንዱ ሥር መድፋት ሥሯን ያቃጥላል፤ የቅጠሉ ጫፍ ቡናማ ሆኖ ሲደርቅ ታዩታላችሁ። በደንብ የበሰበሰ ፍግ ወይም ኮምፖስት በዓመት ሁለት ጊዜ፣ መጋቢት ወይም ሚያዝያ ዝናቡ ሲጀምርና ሰኔ ላይ፣ ከጉዝጓዙ ሥር በትኑላት። ይበቃታል። ከነሐሴ በኋላ ምንም አትስጧት፣ ለእምቡጥ የምትዘጋጅበት ጊዜ ነው።

የጀበና አተላ ጥሩ ነው፣ ግን በስሱ ተበትኖ። በየቀኑ ሦስት ጊዜ ቡና በሚፈላበት ቤት አተላውን ሁሉ አንድ ቦታ ከደፋችሁት ይጋገርና ውሃ አላሳልፍ ይላል። ከኮምፖስቱ ጋር ቀላቅሉት።

ቅጠሏ አማረ፣ አበባ ግን የለም። ወይም እምቡጥ አውጥታ ሳይፈካ ይረግፋል። ለምን?

ብዙ ሰው የሚጠይቀኝ ይሄንን ነው። መልሱ ረዘም ይላል።

የካሜሊያ አበባ ሁለት ደረጃ አለው። መጀመሪያ አዲስ ቅርንጫፍ ካደገ በኋላ ጫፉ ላይ እምቡጥ ይቋጠራል። ይሄ ሙቀትና ብርሃን ይፈልጋል። ቀጥሎ እምቡጡ ወፍሮ እንዲፈካ ቅዝቃዜ ይፈልጋል። ጃፓን ውስጥ በጋቸው ረጅምና ሞቃት ነው፣ ክረምታቸው ይቀዘቅዛል። ሳሳንኳ በመጸው፣ ጃፖኒካ ከክረምት እስከ ጸደይ ታብባለች።

ጅማ ላይ ያ ሰዓት አቆጣጠር ይደበላለቅባታል። እኛ ከምድር ወገብ ብዙ ስለማንርቅ የቀኑ ርዝመት ዓመቱን ሙሉ ከ12 ሰዓት ብዙም አይለይም። የእነሱ የበጋ ቀን ግን ረጅም ነው፤ ጃፖኒካ እምቡጥ ስትቋጥር ያ ረጅም ቀን ያግዛታል። ቅዝቃዜያችንም ለስለስ ያለ ነው፣ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ነው ያለን። ስለዚህ ፎቶ ላይ እንደምታዩት ዛፉን ሙሉ የሸፈነ አበባ አትጠብቁ። ጥቂት ጥቂት፣ አንዳንዴም ባልታሰበ ወር ነው የምታብበው። እኔ ጥቂቷን ለምጃታለሁ።

ዕድሉን ለማስፋት የሚቻል ነገር አለ። አንደኛ፣ ዓይነቱን ምረጡ። ሳሳንኳ ቀድማ ታብባለች፣ ብዙ ቅዝቃዜም አትጠብቅም። ከጃፖኒካ ከሆነ ቶሎ የሚያብቡትን ፈልጉ፤ ነጯ አልባ ፕሌና ከእነሱ አንዷ ናት። አንድ ረድፍ ቅጠል ያላቸው አበቦች በቀላሉ ይፈካሉ። በጣም የተደራረቡት፣ በተለይ ዘግይተው የሚያብቡት፣ እምቡጣቸው እንደተዘጋ ቡናማ ሆኖ ይቀራል። ሁለተኛ፣ ብርሃን። አበባ የማታወጣ ካሜሊያ ብዙ ጊዜ ጥላ የበዛባት ናት። አንድ ሁለት ቅርንጫፍ ከዛፉ ላይ አንሱላት።

የእምቡጥ መርገፍ ግን በአብዛኛው የውሃ ጉዳይ ነው። እምቡጧ የሚቋጠረው ዝናብ ባለበት ጊዜ ነው። ከዚያ ኅዳር ላይ ዝናቡ ሲቆም ሰው ይረሳታል፣ አፈሩ ይደርቃል። ያኔ ምንም አታሳይም። ከሳምንታት በኋላ እምቡጦቹ አንድ በአንድ ይወድቃሉ፣ ነገሩ ካለፈ በኋላ። በጋ ሲገባ ውሃውን አታቋርጡ።

አንድ ጫፍ ላይ ሦስት አራት እምቡጥ ከተደራረበ አንዱን ትታችሁ ሌላውን በጣት ጠምዝዛችሁ አንሱ። ክብና ወፍራሙ የአበባ ነው፤ ቀጭንና ሹሉ የቅጠል ነው፣ እሱን አትንኩ። የመጀመሪያው ዓመት ላይ እኔ ተሳስቼ ሹሎቹን ለቅሜ ጨርሻለሁ።

ችግኟ ከዘር የበቀለች ከሆነች ደግሞ ጠብቁ። አምስት፣ ሰባት ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈጅባታል።

ቅጠሏ ላይ የማየው ነገር ምንድን ነው?

በሁኔታው ይለያያል።

የታችኛው አሮጌ ቅጠል ቢጫ ሆኖ ቢረግፍ አትደንግጡ። አንድ ቅጠል ሁለት ሦስት ዓመት ይኖራል፣ ከዚያ ይወርዳል። አዲሱ ቅጠል ቢጫ ሆኖ ጅማቱ አረንጓዴ ከሆነ ግን ከላይ ያልኩት የኖራና የአመድ ነገር ነው።

ቅጠሉ መሀል ላይ ደረቅ ቡናማ ወይም ነጣ ያለ ቃጠሎ ካለ ፀሐይ ነው። ከጥላ ወደ ፀሐይ በድንገት የተዛወረች ችግኝ ላይ ይታያል።

ጥቀርሻ የመሰለ ጥቁር ነገር ሲሸፍነው ሰው በሽታ ነው ይላል። ጥቀርሻው ራሱ አይደለም ችግሩ። ቅጠሉን ገልብጡት፤ ጀርባው ላይ የተለጠፉ፣ የማይንቀሳቀሱ ቅርፊት መሳይ ተባዮች ወይም ክሽክሽ ታገኛላችሁ። ጣፋጭ ፈሳሽ ያወርዳሉ፣ ሻጋታው በእሱ ላይ ነው የሚበቅለው። ጉንዳን ሲመላለስባት ካያችሁም ምልክቱ ይኸው ነው። ትንሽ ከሆነ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት። ከበዛ አንድ ሊትር ውሃ ውስጥ አንድ የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና ቀላቅላችሁ ማታ ማታ የቅጠሉ ጀርባ ላይ ርጩ፣ በሳምንቱ ድገሙት። የቅጠሉ ጀርባ ካልራሰ የረጫችሁት አይቆጠርም።

ተክሏ በሙሉ ጠውልጋ አፈሩ ግን እርጥብ ከሆነ ሥሯ በስብሷል። ውሃ አትጨምሩ። ውሃው የሚወጣበትን ቦይ ቆፍሩ፣ ከዚያ እንግዲህ ዕድሏን ማየት ነው።

መገረዝ አለባት?

ግዴታ አይደለም። ቀስ ብላ ነው የምታድገው። ቅርጽ ማስያዝ ከፈለጋችሁ አበባዋን እንደጨረሰች፣ አዲስ ቅጠል ሳታወጣ ግረዟት። ክረምት መጨረሻ ላይ ከቆረጣችሁ የከርሞውን አበባ ነው የምትቆርጡት። የደረቀውን፣ እርስ በርስ የሚፋተገውን አንሱ። መሀሏ ነፋስ ያሳልፍ። ያረጀችና የተንዠረገገች ካሜሊያ እንደ ቡና ጉንደላ ዝቅ ተደርጋ ብትቆረጥ እንኳ መልሳ ታቆጠቁጣለች፤ ለአንድ ሁለት ዓመት አበባ ታሳጣችኋለች ብቻ።

ከጓደኛዬ ግቢ ቆርጬ ማባዛት እችላለሁ?

ትችላላችሁ፣ ትዕግሥት ካላችሁ። ዘንድሮ ያደገ፣ አረንጓዴነቱን ትቶ ቡናማ መሆን የጀመረ ቅርንጫፍ ምረጡ። አሥር ሴንቲ ሜትር ያህል ከቅጠል መውጫው ሥር ቁረጡ። ላይኛውን ሁለት ቅጠል ትታችሁ ሌላውን አንሱ፣ የቀሩትንም ግማሽ ግማሽ ቁረጧቸው። የወንዝ አሸዋና የጫካ አፈር እኩል ቀላቅላችሁ ትከሉት። ከዚያ የሃይላንድ ፕላስቲክ ታችኛውን ቆርጣችሁ አውጡና በላዩ ድፉበት። ጥላ ውስጥ ይቀመጥ። ከሁለት እስከ ሦስት ወር፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይወስዳል። እየነቀላችሁ ሥር አወጣ አላወጣ አትበሉ! አሥር ብትተክሉ አራት አምስት ከያዘላችሁ ጎበዝ ናችሁ።

ዘር ካገኛችሁ ደግሞ አንድ ቀን ውሃ ውስጥ ዘፍዝፋችሁ ዝሩት። ይበቅላል፣ የእናቱን አበባ ግን አይመስልም።

ከውጭ የሚመጣ ዘመድ አለ። ሻንጣ ውስጥ አንድ ችግኝ ይዞልኝ ቢመጣስ?

አይሆንም። ተክል ወደ አገር ለማስገባት ቅድሚያ ፈቃድና ከመጣበት አገር የዕፅዋት ጤና ምስክር ወረቀት ያስፈልጋል። ይሄ ቢሮክራሲ ብቻ አይደለም። ፈንገስ የሚያመጣው የቡና ፍሬ በሽታ እዚህ አገር የታወቀው በ1971 እ.ኤ.አ. ነው፤ ገበሬውን ምን እንዳደረገው አባቶቻችንን ጠይቁ። መልኮ ያለው የምርምር ማዕከል በሽታውን የሚቋቋሙ እንደ 74110 ያሉ ዝርያዎችን እስኪያወጣ ብዙ ቡና ጠፍቷል። ሻይና ቡና ባለበት አካባቢ ያልታወቀ ፈንገስ ከነአፈሩ ማስገባት ለአንድ አበባ ብሎ የማይደረግ ነገር ነው። አገር ውስጥ ካሉ ችግኝ ጣቢያዎች፣ በተለይ አዲስ አበባ ካሉት፣ ጠይቁ። ስትገዙ አበባዋን ወይም ፎቶዋን ሳታዩ አትክፈሉ፤ ለእኔ አንዴ «ቀይ ካሜሊያ» ተብሎ የተሸጠልኝ ሌላ ቁጥቋጦ ነበር።

ተከራይ ነኝ። ዕቃ ውስጥ ትኖራለች?

ደስ ብሏት። ሃያ ሊትር የሚይዝ ባልዲ ወይም የተቆረጠ ጀሪካን፣ ታቹ በደንብ የተበሳ፣ ይበቃታል። የጫካ አፈር፣ የበሰበሰ ገለባና ትንሽ አሸዋ ቀላቅሉ። ጥቁር ዕቃ ፀሐይ ላይ ይግላል፣ ሥሯ ይቀቀላል፤ በረንዳ ጥላ ላይ አድርጉት። ዕቃ ውስጥ ያለች በበጋ በየሁለት ቀኑ ውሃ ትፈልጋለች። በየሁለት ሦስት ዓመቱ አፈሯን ቀይሩ።

ልጆችና ከብት ቢበሏት መርዝ ናት?

አይደለችም። ፍየል ግን አትልቀቁባት፣ የምትጎዳው ተክሏ ናት።

የካሜሊያዬን ቅጠል ሻይ አድርጌ መጠጣት እችላለሁ?

የአበባዋን ካሜሊያ ተዉት፣ ጣዕም የለውም። ሻይ ከፈለጋችሁ ሻዩን ራሱን ትከሉ። አተካከሉ አንድ ነው፣ እንክብካቤውም። ለጅማ ግቢ ከአበባዎቹ ይልቅ እሱን የምመክርበት ጊዜ አለ፤ አበባ አላበበም ብሎ የሚያበሳጭ ነገር የለውም። አበባውም ነጭ፣ መሀሉ ቢጫ፣ ትንሽና ጨዋ ነው፣ ሽታም አለው። ካልተቆረጠ ዛፍ ይሆናል፣ ስለዚህ ወገባችሁ ላይ ሲደርስ አናቱን ቁረጡት።

ለቅሞ ማዘጋጀቱ ቀላል ነው። ከጫፉ ሁለት ለጋ ቅጠልና መሀሉ ያለውን ያልተፈታ ቡቃያ ቀንጥሱ። አረንጓዴ ሻይ ከሆነ ወዲያው በጋለ ምጣድ ላይ እያገላበጣችሁ አሙቁት፣ እሹት፣ አድርቁት። ጥቁር ሻይ ከሆነ ሌሊቱን ሰፌድ ላይ ዘርግታችሁ አጠውልጉት። ጠዋት በመዳፋችሁ ጭማቂው እስኪወጣ እሹት፣ እርጥብ ጨርቅ አልብሳችሁ ሁለት ሦስት ሰዓት ተዉት። የመዳብ መልክ ሲይዝ በለስላሳ እሳት ምጣድ ላይ አድርቁት። ከአንድ ዛፍ ለአንድ ጀበና የሚሆን ለመልቀም ግማሽ ጠዋት ይፈጃል፤ ያውም ቤት ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ቡና ነው የምፈልገው ሲላችሁ።

ስንት ዓመት ትኖራለች?

ከእኛ በላይ። ጀርመን ውስጥ ድሬስደን አጠገብ ፒልኒትስ ቤተ መንግሥት ግቢ ያለችው ካሜሊያ በ1801 እ.ኤ.አ. ነው አሁን ባለችበት ቦታ የተተከለችው። ቁመቷ ዘጠኝ ሜትር ገደማ ደርሷል፣ በክረምት የሚሸፍናት ተንቀሳቃሽ የመስታወት ቤት አላት። እኛ ግቢ ከሁለት እስከ አራት ሜትር አስቡ፣ እሱም ከብዙ ዓመት በኋላ።

ግቢው ሊፈርስብን ነው። ነቅለን መውሰድ እንችላለን?

ሥሯ ላይ ላዩን ስለሆነ ከብዙ ቁጥቋጦ ይልቅ ይቀላታል። ጊዜ ካላችሁ ከስድስት ወር በፊት ሁለት ሰው የሚሸከመው ያህል አፈር ትታችሁ ከግንዷ ራቅ ብላችሁ ዙሪያዋን በአካፋ ቁረጡ፤ ከውስጥ አዲስ ደቃቅ ሥር ታበቅላለች። ሰኔ ላይ ከቅርንጫፏ ሲሶውን ቀንሱ፣ ከነአፈሯ አንሱና ከታች ጆንያ አስገብታችሁ እሰሩት። ሁለት ጠንካራ ሰው ያስፈልጋል። በግንዷ ይዛችሁ አትጎትቷት፣ በጆንያው ተሸከሟት። አዲሱ ጉድጓድ አስቀድሞ ተቆፍሮ ይጠብቃት፣ በዚያው ቀን ትተከል። ጊዜ የለም፣ ነገ ነው የሚፈርሰው ካላችሁም የቻላችሁትን ያህል አፈር ይዛችሁ አንሷት፣ ግማሿን ቁረጡ፣ ጥላ ውስጥ ትከሉ። ከዚያ በፊት ግን አሥር ቁራጭ ወስዳችሁ ሃይላንድ ሥር ትከሉ።